ማን ማንን ደጎመ?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል የሚገዛ ሰው «አንዱ ማዳበሪያ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሽንኩርት የሚያወርድ ወዛደርም «ሠላሳ ማዳበሪያ ገብቷል» ብሎ ይቆጥራል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ከረጢቱ ነው። ዳፕና ዩሪያ የተባሉት ማዳበሪያዎች በሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ታሽገው ከወደብ ሲመጡ፣ ፍሬው ማሳ ላይ ተበትኖ አለቀና ከረጢቱ ቀረ፤ ቀርቶም ስሙን ወረሰ። በብዙ የገጠር ቤት የቆዳውን አቅማዳና ስልቻ ያስጣለው ይኸው ነጭ ከረጢት ነው። እህል ይከተትበታል፣ ክረምት ላይ እረኛው ልጅ እንደ ገሣ ይደርበዋል፣ ሲያረጅም ተተርትሮ ብጣሹ የጎተራ ክዳን ይሆናል።

መንግሥት ለገበሬ የሰጠውን ነገር በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ከረጢት ማየት ይችላል። ከገበሬው የወሰደው ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልተወም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ መቁጠር ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ፣ አርሲ ውስጥ ነው። የስዊድን መንግሥትና የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተስማምተው አሰላን መቀመጫው ያደረገ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ሕዝቡ «ካዱ» አለው። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ አቀረበ፣ መንገድ ጠረገ፣ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ከፈተ። ስንዴው ያዘ፤ ምርቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግልጽ አደገ። የታሰበው ትንሹ ገበሬ እንዲለወጥ ነበር። ነገር ግን የጭላሎ ትንሽ ገበሬ አብዛኛው ጭሰኛ ነው። ማሳው ብዙ ሲሰጥ የመሬቱ ኪራይም ወጣ፤ ባለመሬቱም ሲሶና እኩል ከመቀበል ትራክተር ገዝቶ ራሱ ቢያርስ እንደሚሻለው አሰበ። መንግሥት በዚያው ዘመን የእርሻ መሣሪያና የትራክተር ነዳጅ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ይህ በአገራችን ለእርሻ ከተደረጉት ቀደምት ድጎማዎች አንዱ ነው። ትራክተር የነበረው ግን ባለመሬቱ ነው፤ ጭሰኛው ያለው ሞፈርና ቀንበር ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጭሰኛ ልጁንና ከብቱን ይዞ ከኖረበት ቀዬ ተነሣ። ለእርሱ የተላከው እርዳታ እርሱን አስነቀለው።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ላይ የሆነው ሌላ ነው። በኅዳር ወር የወጣ አዋጅ አስራትን ሽሮ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ጣለ። ጎጃሜው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ግምቱንም ፈራ፦ ምርቱን ሊገምት የመጣ ሹም ነገ መሬቱን ይለካል፣ ከተለካ ርስት የለም። ሞጣ፣ ዳሞትና ሌሎችም ወረዳዎች ሸፈቱ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። ነገሩ የበረደው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ጸሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከተነሡና የኋላው ውዝፍ ግብር ከተማረ በኋላ ነው። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን የማስቀምጠው አለምክንያት አይደለም። ገበሬው ከመንግሥት ጋር የነበረውን ሒሳብ በሙሉ የሚያይ ሰው አርሲ የገባውን ማዳበሪያና ጎጃም የወረደውን ቦምብ በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት።

ከዚያ ወላይታ ላይ ተመሳሳይ ድርጅት ተከፈተ፤ በ1964 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለው ሥራ ማዳበሪያና ብድርን በዋና ዋና መንገዶች ዳር ይዞ ወጣ። መንገድ ያልደረሰበት ገበሬ ከረጢቱንም አላየም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ ናረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። ይህን ቀን የሚያስታውስ የደቡብና የአርሲ ገበሬ ዛሬም ሲያወራው ፊቱ ይበራል፤ እውነት አለው። ሲሶ የለ፣ እኩል የለ፣ ለጌታ የሚወሰድ ሙክት የለ። ገበሬው ያመረተውን ራሱ በላ፤ ልጆቹም ጠገቡ። ከተማ ግን እህል አነሰው። ባለመሬቱ ድሮ ወደ ገበያ ያወጣው የነበረው ድርሻ አሁን ገበሬው ጎተራ ውስጥ ቀርቷል። ንጉሡን የተካው አዲሱ መንግሥት ደግሞ የሚመግበው ከተማና የሚቀልበው ጦር ነበረው። ዕዳው የተመለሰው ወደ ገበሬው ነው።

በ1969 ዓ.ም. ገደማ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ገበሬው «እርሻ ሰብል» እያለ ነበር የሚጠራው፤ ስሙን ከነገሩ ጋር አያይዞ ደግሞ «ኮታ» አለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከላይ ለክፍለ ሀገሩ ይህን ያህል ኩንታል ይባላል፣ ክፍለ ሀገሩ ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበር ያከፋፍላል፤ ማኅበሩም በየአባሉ ስም ይደለድላል። ዋጋውን መንግሥት ይተምናል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተተመነው ዋጋ እስከ አሥር ዓመቱ መጨረሻ ግድም እምብዛም ሳይነቃነቅ ቆየ፤ የጨው፣ የሳሙናና የአቡጀዲ ዋጋ ግን አልጠበቀውም። በጎጃምና በአርሲ ነጋዴ እህል እንዳይገዛ ጨርሶ ተከለከለ። በሌሎች ክፍላተ ሀገር ነጋዴው ከገዛው ላይ ግማሹን በመንግሥት ዋጋ ለኮርፖሬሽኑ እንዲያስረክብ ተደረገ። መንገድ ላይ ኬላ ቆመ፤ አንድ አህያ ጤፍ ይዞ ወረዳ የተሻገረ ሰው እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ተያዘ።

አያቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ገበሬ ነበሩ። ኮታውን ያስታውሱት የነበረው በዓመቱ ሳይሆን በሾላው ነው። ማኅበሩ ሾላ ሥር ይሰበሰባል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም ይጠራል፤ ከስሙ ቀጥሎ ኩንታሉን ይናገራል። «ስምህ ሲጠራ አቤት ትላለህ፤ አቤት ካልክ ተቀበልክ ማለት ነው» ይሉን ነበር። አንድ ዓመት ዋግ መታና ጤፉ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ኮታው ግን የተደለደለው ከአጨዳ በፊት ነው። አያቴ ለጥማድ ያሳደጉትን ወይፈን አውጥተው ሸጡ፤ በብሩ ከጎረቤት ጤፍ ገዙ፤ የገዙትን ጤፍ በገዙበት ዋጋ ግማሽ ለእርሻ ሰብል አስረከቡ። ደረሰኙን በጨርቅ ጠቅልለው ከግብር ደረሰኛቸው ጋር እንስራ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ልጅ ሆኜ ሲዘረጉት አይቻለሁ፤ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት ስስ ወረቀት ነው። ከረጢቱን ጠቅሼ ወረቀቱን ብተው ሒሳቡ ይጎድላል።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። የኮታን ዘመን ያጠኑ ሰዎች በተለያየ ክፍለ ሀገር እህል ገዝቶ ኮታ ያስገባ ገበሬን መዝግበዋል። እህሉ የሄደው ወደ ጦር ሠራዊቱ፣ ወደ ሆስፒታሉና ወደ እስር ቤቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ከተማ ቀበሌ ሱቅ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የራሽን ካርዱን ይዞ ተሰልፎ ከገበያው በረከሰ ዋጋ ጤፍ ገዛ። የከተማውን ሰው አልወቅስም፤ እርሱም በጠባብ ደመወዝ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነበር። ግን ልዩነቱን የከፈለው የገንዘብ ሚኒስቴር አልነበረም። ድጎማ ብለን ከጠራነው፣ በአገራችን ታሪክ ትልቁን ድጎማ የሰጠው በእጁ ሁለት በሬ የነበረው ገበሬ ነው።

በዚያው ጊዜ መንግሥት ለእርሻ ያወጣ የነበረው ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሄደው ወደ መንግሥት እርሻዎች ነው። ከአገሪቱ የታረሰ መሬት ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ያልያዙት እነዚህ እርሻዎች ትራክተሩን፣ ኮምባይነሩን፣ ነዳጁንና ማዳበሪያውን በቅድሚያ ወሰዱ፤ ቀጥሎም የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰለፉ። የግል ይዞታውን የሚያርሰው ገበሬ ከሰልፉ መጨረሻ ነበር። የመንግሥት እርሻዎቹም እንዲህ ተደግፈው ኪሳራ አስመዘገቡ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ፣ እህል ያመርት ከነበረው ክፍለ ሀገር ወደ ጎደለው እህል የሚያሻግር ነጋዴ በኬላ ታስሮ ነበር።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ኮታ ቀረ፣ ኬላ ተነሣ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውን እየነዳ ወደየማሳው ሄደ። ማንም አላዘዘውም። ከመንግሥት ጋር ስለነበረው ሒሳብ የሰጠው ግልጽ መልስ ያ ነው።

ኮሎኔል መንግሥቱን የተካው አዲሱ መንግሥት በ1985 ዓ.ም. የብርን ዋጋ ከዶላር አንጻር ከ2.07 ወደ 5 ብር አወረደ። ማዳበሪያ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነውና ዋጋው በአንዴ ሊወጣ ሆነ። መንግሥት የዋጋውን ከፊል ራሱ መሸፈን ጀመረ። ለወደብ የቀረበውም ሆነ የራቀው ገበሬ በአንድ ዋጋ እንዲገዛ ይደረግ ነበርና፣ ለሩቁ ይህ ራሱ ሌላ ድጎማ ነበር። እንግዲህ ድጎማ የሚለው ቃል በገበሬው በኩል ትርጉም ያገኘው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ነው።

በዚያው ዓመት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና የኖቤል ተሸላሚው የስንዴ ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ የቆሙለት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በፈቃደኛ ገበሬዎች ማሳ ላይ ግማሽ ግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ አዘጋጀ፤ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በልኩ ሲገባ በቆሎው እጥፍና ከዚያ በላይ ሰጠ። አቶ መለስ ዜናዊ ውጤቱን አይተው አመኑበት፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያው ሥራ የመንግሥት የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሆኖ በመላ አገሪቱ ተዘረጋ። ልማት ሠራተኛው ቤት ለቤት ዞረ። ገበሬው ጥቂት ቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን በዱቤ ይወስዳል፤ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት ነው።

በ1989 ዓ.ም. ግን ድጎማው ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ የዋጋ ቁጥጥሩም ተለቀቀ። ከአበዳሪዎች ጋር የተገባው የኢኮኖሚ ማሻሻያ ስምምነት ይህን ይጠይቅ ነበር። ገበያውን የግል አስመጪ ይይዘዋል ተባለ። የያዙት ግን በዋናነት እንደ አምባሰልና ዲንሾ ያሉ ከክልሎቹ ገዥ ፓርቲዎች ጋር የተሳሰሩ ድርጅቶች ነበሩ፤ በኋላም ሥራው በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመንግሥት ድርጅት እጅ ተጠቃለለ። ድጎማው ሲነሣ ፓኬጁ አልተነሣም። ልማት ሠራተኛው ስንት ገበሬ እንዳስገባ በቁጥር ይጠየቅ ነበር፤ ኮታ የሚለው ቃል ባይነገርም አሠራሩን ገበሬው ያውቀዋል።

ዱቤው የሚመለሰው ከአጨዳ በኋላ ወዲያው ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ይሸጣል፤ ሁሉም ሲሸጥ እህል ይረክሳል። አቅም ያለው ሰው እህሉን አቆይቶ ሰኔ ላይ ቢያወጣው ዋጋው ሌላ ነበር። ባለዕዳው ግን ማቆየት አይችልም። ብድር ያልመለሰ ገበሬ በሬው ተነዳ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ተነቀለ፣ ራሱም ወረዳ ታሰረ። ድርቅ ቢሆንም ዕዳው ዕዳ ነው።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፉ ነገር ነው። ዝናቡ በጀ፤ በቆሎ ጎተራውን እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። የሚገዛ፣ የሚያከማች፣ ወደ ጎደለው አካባቢ የሚያጓጉዝ አቅም ግን አልነበረም። በአንዳንድ በቆሎ አምራች አካባቢዎች ዋጋው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ። ማሳጨጃውን የማይመልስ እህል ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። ዕዳውን የሚከፍልበት ያጣም በተከታዩ ክረምት ማዳበሪያ አልወሰደም። ያ ክረምት ደግሞ ዝናብ የጠፋበት ነው። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠበቀ። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ለማቋቋም የተነሡበትን ምክንያት ሲያስረዱ ይህንኑ የትርፍና የረሃብ ጉርብትና ያነሣሉ። በቆሎው በተረፈበት ዓመት የወለል ዋጋ ሰጥቶ የሚገዛ መንግሥት ቢኖር ኖሮ ስንት ቤት ይተርፍ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል። ሌላ አገር ለገበሬ ድጎማ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፦ ዋጋ ሲወድቅ መንግሥት ከሥር ይዞ ማቆም። እኛ ዘንድ ገበሬው ብቻውን ወደቀ።

በጥር 1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀመረ። በየዓመቱ እህል ለሚያጥራቸው አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች እርከን ሲሠሩና መንገድ ሲጠርጉ በቀን 6 ብር ወይም በልኩ እህል ተከፈላቸው። ለድሃ ገበሬ በስሙ ተመዝግቦ በየዓመቱ የሚጠበቅ ክፍያ በዚህ አገር ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ የመጣው ከውጭ ለጋሾች ነበር። በ2000 ዓ.ም. የከተማ ኑሮ ሲወደድ መንግሥት ስንዴ ከውጭ ገዝቶ ከገበያ በታች ለከተማ ነዋሪና ለዱቄት ፋብሪካዎች አቀረበ፤ ከአርሲና ከባሌ ገበሬ ስንዴ ጋር የሚወዳደረው በመንግሥት በጀት የረከሰ ስንዴ ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአገሪቱ አፈር ተመረመረ፤ ዳፕ ቀርቶ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ ገባ። ዋጋው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ። ገበሬው አማረረ፤ ግን ከፈለ።

በ2014 ዓ.ም. መክፈል የሚችልበት ደረጃ አለፈ። የጋዝ ዋጋ ቀድሞም ንሮ ነበር፤ ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ሲገጥሙ የዓለም የማዳበሪያ ገበያ ተናጋ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የኩንታሉ ዋጋ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ድጎማ መደበ። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ቃሉ እንደገና በግልጽ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። የትግራይ ገበሬ በጦርነቱ ምክንያት ማዳበሪያ በወቅቱ አልደረሰውም።

በቀጣዩ ክረምት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ድጎማ ብር ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ማዳበሪያው ዘገየ። ሰኔ ገብቶ መሬት ታርሶ፣ በቆሎ የሚዘራበት ቀን እያለፈ፣ የዩኒየኑ መጋዘን ባዶ ነበር። የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ወጥተው ጮኹ። በጓሮ የሚሸጠው ግን አልጠፋም፤ ዋጋው ከመንግሥት ተመን እጥፍና ከዚያም በላይ ነበር። ድጎማው ለከረጢቱ ከተከፈለና ከረጢቱ በጓሮ ከተሸጠ፣ ድጎማውን የወሰደው መካከል ላይ የቆመው ሰው ነው። ገበሬው የሚያውቀው በእጁ የገባበትን ዋጋና ቀን ብቻ ነው። ሐምሌ አጋማሽ የደረሰ ማዳበሪያ ለበቆሎ የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። መንግሥት ማዳበሪያን ከነዳጅና ከመድኃኒት ጋር መደጎሙን እንደሚቀጥል አስታወቀ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያ ቀደም ያዩ ላይ የተጀመረው ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። የጎዴው እስኪያልቅ ከረጢቱ የሚመጣው በጅቡቲ ነው።

አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የድጎማው ቢሊዮን በቴሌቪዥን ይነገራል፤ ቀበሌ ሲደርስ ግን ቁጥር የለውም። አንድ ገበሬ በስንት ብር የተገዛ ማዳበሪያ በስንት እንደተሰጠው፣ ለቀበሌው ስንት ኩንታል ተመድቦ ስንቱ እንደደረሰ የሚነግረው ሰው የለም። ኮታው በነበረበት ዘመን መዝገቡ በአደባባይ ይከፈት ነበር፤ የያንዳንዱ ስም ይጠራል፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚያስረክበው ኩንታል ይነገራል። የሚገባውም እንዲሁ በሾላው ሥር፣ በስሙ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብለት።